እጄ ላይ የተቃጠለው ቦርድ

ያላጠፋሁትን አጠፋህ ተባልኩ። ቢቸና ውስጥ፣ በማኅበራችን ሰው ሁሉ ፊት፣ ሚስቴ ቆማ እየሰማች፣ የጫጩት መፈልፈያችንን ቦርድ ያቃጠለው ልየው ነው ተባለ። ይህን ያለው አንማው ነው፤ የማኅበራችን ሊቀመንበር። ስሙን የምደብቅለት ምክንያት የለኝም፤ እሱም የእኔን አልደበቀልኝም።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። የዕድሜዬን ግማሽ በቢቸና መናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ሆኜ ነው የጨረስኩት። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ቀድመውኝ ካነበቡ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ኩንታል ጤፍ ተሸክሜ ያላላበኝን ሰው፣ አስተማሪዋ ሰሌዳ ላይ "ሀ" ብላ ስትጽፍ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ስሜን መጻፍ ከቻልኩ በኋላ ግን የሚያቆመኝ ጠፋ። የሱቅ ታፔላ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ምን ዋጋ አለው? ሰው አንዴ መሃይም ብሎ ካወቀህ አወቀህ ነው። መጽሐፍ ይዘህ ሲያይህ "ገልብጠህ እንዳትይዘው" ብሎ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ነው የሚያናድደኝ።

ወገቤ እምቢ ሲለኝ ከሰፈር ሰዎች ጋር በጥቃቅን ተደራጅተን ጫጩት ማስፈልፈል ጀመርን። መፈልፈያው ቁም ሣጥን የሚያህል ሣጥን ነው። የሠራችልን አያልነሽ የምትባል ሞጣ የምትኖር ሴት ናት፤ ኤሌክትሮኒክስ ስታስተምር ቆይታ፣ ለቅቃ የራሷን ጥገና ቤት የከፈተች። ሣጥኑ ውስጥ የሚያሞቁ አምፖሎች አሉ። ከጎኑ ደግሞ መዳፍ የማትሞላ ሰማያዊ ቦርድ አለች። ቦርዷ ሙቀቱን በሴንሰር ትለካለች፤ ሲቀዘቅዝ አምፖሉን ታበራለች፣ ሲበዛ ታጠፋለች፣ ቁጥሩንም ትንሽ መስኮት ላይ ታሳያለች። መብራት ሲሄድ እኛ የፈላ ውኃ በጀሪካን ሞልተን ሣጥኑ ውስጥ እናስገባለን። ቦርዷ ግን ከመኪና ባትሪ እየተመገበች ቁጥሩን ማሳየቷን አታቆምም። ስንት ጀሪካን እንደምንጨምር፣ መቼ እንደምናወጣ የምናውቀው በእሷ ነው። ያለ እሷ ዕውር ነን።

ኅዳር ላይ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት። እንቁላሉ ሊፈለፈል ሳምንት ቀርቶታል። የማታ ተረኛ አንማው ነበር፤ ማታውን መብራት ሄዶ ሊነጋጋ ሲል ተመልሷል። እኔ ልረከብ ስመጣ አንማው ሬዲዮኑን በብብቱ ይዞ ከበሩ ሲወጣ ተገናኘን።

"ሁሉ ሰላም ነው አያ ልየው። ቻርጀሩን ብቻ ሰካው፣ ባትሪው ይጠጣ" አለኝ።

ገብቼ ሰካሁ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የማደርገው ነው፤ ለባትሪው ቻርጀር መሰካት። መጥረጊያ አንሥቼ ወለሉን መጥረግ ስጀምር አንድ ነገር ጧ አለ። ዞር ስል መስኮቷ ጠፍታለች፣ አምፖሉም ጠፍቷል። ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚሸተውን ታውቁታላችሁ፤ እንደዚያ ሸተተ። ቻርጀሩን ነቀልኩ። ባትሪውን ከቦርዷ በኩል ፈታሁ።

ጮኼ አንማውን ጠራሁት። ሬዲዮኑን ቤቱ አስቀምጦ፣ ጎረቤቱንም፣ የጎረቤቱንም ጎረቤት አስከትሎ መጣ። የማኅበሩ ሰው ተሰበሰበ። ሽማግሌያችን ቄስ ይርዳውም ከቅዳሴ ወጥተው መቋሚያቸውን እንደያዙ ደረሱ።

"ምን ነካህ?" አለ አንማው።

"ቻርጀሩን ሰካሁ። አንተው ነህ ስካ ያልከኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም።"

"ምንም ሳይነኩት ይቃጠላል እንዴ? ሌሊቱን ሲያበራ ነው ያደረ! እንዲያውም ከወትሮው ደምቆ። አንተ ገና ከመግባትህ ተቃጠለ። አያ ልየው፣ ፊደል ቆጠርኩ ካልክ ወዲህ የማትጎረጉረው ነገር የለም።"

"አልጎረጎርኩም።"

"ታዲያ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት? ቤቴ ሆኜ?"

አንዱ ሳቀ። ማን እንደሳቀ አውቃለሁ፤ ለእሱ ሌላ ቀን አለው። ቄስ ይርዳው "በቃ፣ በቃ፣ ነገር አታብዙ" አሉ እንጂ እውነቱን እንፈልግ አላሉም። ሁሉም ሰው ጉዳዩን በልቡ ጨርሶታል። እኔን ይበልጥ ያቃጠለኝ ደግሞ፣ እጄ ላይ መቃጠሉ እውነት መሆኑ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ምን ብዬ ልከራከር?

አንማው ሣጥኑን በእጁ ዳሰሰና ወደ ሰዉ ዞረ። "እኔ በግልጽ እናገራለሁ። ይኸ እንቁላል ከሞተ ከአያ ልየው ጋር አንድ ማኅበር ውስጥ አንኖርም። ወይ እሱ፣ ወይ እኛ።"

አንድም ሰው "ኧረ ተው" አላለም። መሬት መሬት አዩ። ከዚያች ማኅበር ሌላ መግቢያ አልነበረኝም፤ ወደ መናኸሪያው እንዳልመለስ ወገቤ የለም። ሁሉም ያውቃል።

ወደ ፊት የወጣችው ሚስቴ ጥሩዬ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ፣ "ቆማችሁ የምትፈርዱትን እንቁላሉ እየቀዘቀዘ ነው!" አለች። "ዶሮ በባትሪ አትሠራም። ታቃፊ ዶሮ ያለው ሁሉ ያምጣ። ውኃ ይፈላ። አንተ ልየው፣ ምን ትገተራለህ? ፈትተህ ወደ ሠራችው ሴት ውሰድ!"

በእኛ አገር ታቃፊ ዶሮ መዋዋስ አዲስ ነገር አይደለም። የአንዷ ዶሮ እንቁላል ስትጥል የሌላዋ ዶሮ መታቀፍ ካማራት ይዋዋሳሉ። ግን የአንድ ሰፈር ታቃፊ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሲሰበሰብ አይቼ አላውቅም። ቦርዷን በመፍቻ ፈትቼ፣ ከነሴንሰሯ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ስወጣ፣ ሴቶቹ ዶሮ በብብታቸው ሥር ይዘው እየተሯሯጡ ሲገቡ አለፍኳቸው። አንዷ "አይዞህ ልየው" አለችኝ። ዛሬም ድረስ በመንገድ ሳገኛት ቆሜ ነው ሰላም የምላት።

ለአያልነሽ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። ደገምኩ። ዝግ ነው። በሌለችበት ሞጣ ደርሼ ምን ላደርግ ነው? ቢሆንም ሄድኩ። መቀመጥ አልችልም።

የሞጣው ሚኒባስ አልሞላም። ረዳቱ "ሁለት ሰው የቀረው! ሁለት ሰው!" ይላል፤ ሁለት ሰው ሲገባ ደግሞ "ሁለት ሰው የቀረው!" ይላል። ወርጄ በእግሬ ዞርኩ፣ ተመልሼ ገባሁ፣ ደግሜ ወረድኩ።

"አባት፣ እርስዎ ሲወርዱ እኮ ነው የማይሞላው!" አለኝ ረዳቱ።

"አንተ እየዋሸህ ነው የማይሞላው" አልኩት። ሹፌሩ ሳቀና ሞተሩን አስነሣ።

ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ጨርቁን አየችና፣ "ምንድነው እንደ ጨቅላ የታቀፍከው?" አለችኝ።

"ጨቅላ ነው።"

"እናቱስ?"

"ሞጣ ናት። ስልክ አታነሣም።"

"እንግዲያስ አንተም ጥፋት አለብህ" ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሰው ሁሉ ፈራጅ የሆነበት ቀን ነበር።

ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ለማውረድ ቆመ። ግንደወይን ላይ ሹፌሩ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወረደ። እኔ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ቦርዷን አየኋት። አንዲት ጥቁር ቁራጭ ጫፏ ላይ ተሰንጥቃ አመድ መስላለች። ዙሪያዋን ትንንሽ ጽሕፈት አለ፤ በፈረንጅ ፊደል። ያን ያህል ዓመት ያለ ፊደል ኖሬ፣ ባገኘሁት ማግስት ደግሞ ሌላ ፊደል መጣብኝ። ጠቅልዬ አስቀመጥኳት።

ሞጣ ስደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነው። የአያልነሽ ጥገና ቤት ተዘግቷል። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ "ልቅሶ ሄዳለች" አለኝና በአገጩ አቅጣጫውን አሳየኝ።

ልቅሶ ቤት ገብቶ ሰው መጥራት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ "እግዜር ያጽናችሁ" ብዬ እንደ ደንቡ ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሰጡኝ፤ ያዝኩት እንጂ አልዋጥ አለኝ። አያልነሽ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ተቀምጣለች። በዓይኔ ጠራኋት፤ አላየችኝም። ሳልኩ። ሌላ ሰው ውኃ አመጣልኝ። በመጨረሻ አልቻልኩም፤ ጎንበስ ብዬ ሄጄ ጆሮዋ ሥር ተቀመጥኩ።

"የቢቸናው ልየው ነኝ። ቦርዷ ተቃጠለች። እንቁላሉ እየቀዘቀዘ ነው።"

"አያ ልየው፣ የሞተ ሰው ቤት ነው ያለነው" አለችኝ ቀስ ብላ፣ ቀና ብላም ሳታይ።

"የእኔ ገና አልሞተም። ለዚህ ነው የመጣሁ።"

ከጎኗ የተቀመጡ አሮጊት ሰሙን። የሟቹ እኅት እንደሆኑ በኋላ ነው ያወቅኩት። "ሂጂ ልጄ" አሏት። "የኛው አልፎበታል። ያላለፈበት ካለ ሂጂ።"

ጥገና ቤቷን ከፍታ መብራት አበራችና ቦርዷን ከጨርቁ ተቀበለችኝ። እኔ ቶሎ ብላ ሽቦ ትሰካለች፣ ታበራለች ብዬ ነበር። አልሰካችም። አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አሸተተች። በማጉያ መነጽር አገላበጠች።

"ስኪያት እንጂ!" አልኳት።

"የተጎዳ ሰው ተነሥተህ ሩጥ አይባልም። መጀመሪያ የት እንደተጎዳ ይታያል። ይቀመጡ።"

አልተቀመጥኩም። መለኪያ መሣሪያዋን አውጥታ ቀይና ጥቁር ዘንጎቹን እዚህም እዚያም ነካካች። አንድ ቦታ ላይ ጢጥ ብሎ ጮኸ። ፊቷ ጠቆረ።

"ምን ማለት ነው?"

"መገናኘት የሌለባቸው ሁለት መንገዶች ተገናኝተዋል። ወይ ይህቺ የተሰነጠቀችው ናት፣ ወይ አንጎሉ ነው።" በእጇ ቦርዷ መሐል ያለችውን ጥቁር ቁራጭ ነካች። "አንጎሉ ማይክሮኮንትሮለሩ ይኸ ነው። እሱ ከሆነ የተቃጠለው፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ዛሬ ምንም አላደርግም። አዲስ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው።"

"የተሰነጠቀችውስ ምን ናት?"

"በረኛ በሏት። ከባትሪው የሚመጣውን ኃይል ቀንሳ አንጎሉ በሚችለው መጠን የምታስገባ ናት። ከአቅሟ በላይ ሲመጣባት ትግላለች፤ ግላ ግላ ትፈነዳለች። ስትፈነዳ አንጎሉን ይዛው ሄዳ እንደሆነ ነው የማላውቀው።"

የምታቀልጥበትን ብረት አጋለች። እስኪግል ድረስ፣ "ምን ተነካ?" አለችኝ።

"እኔ አልነካሁም! በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ ቻርጀሩን ብቻ ነው የሰካሁ። አንማው የሚባለው ነው በእኔ ያላከከው፣ ማንበብ ጎልምሶ ነው የተማረ ብሎ ንቆኝ ..."

"አያ ልየው።"

"እኔ እኮ ስሜን መጻፍ ..."

"አያ ልየው! ማን ነካ አላልኩም። ምን ተነካ ነው ያልኩ።"

ሰው እንደዚያ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የጠየቁኝ ሁሉ ስለ እኔ ነው፤ እኔም የመለስኩት ስለ እኔ ነው። ስለ ቦርዷ አንድም ቃል አልተናገርንም። ተቀመጥኩና ከማታው ጀምሬ ነገርኳት። መብራት ሄደ፣ ጀሪካን ገባ፣ መብራት መጣ፣ ሰካሁ፣ ጧ አለ።

"ማታ መስኮቷ እንዴት ነበረች?"

"እኔ አልነበርኩም። ከወትሮው ደምቃ አደረች ነው ያለ።"

እጇ አየር ላይ ቆመ። "ደምቃ? ባትሪው እየደከመ ሲሄድ መፍዘዝ ነው ያለባት።" ጥቂት አሰበች። "ባትሪው ብቻውን ይኸን አያደርግም። ቻርጀሩም ብቻውን አያደርግም። በሁለቱ ላይ የተጨመረ ሦስተኛ ነገር አለ። ሌሊቱን በረኛዋን ሲያግላት አድሮ፣ ጠዋት ቻርጀሩ ሲሰካ ጨረሳት።"

የተሰነጠቀችውን ቁራጭ አቅልጣ በመቆንጠጫ አነሣች። ዘንጎቹን ደግማ ቅድም በጮኸበት ቦታ አስነካች። አልጮኸም።

"እሷ ነበረች" አለች። ግን አልሳቀችም። የስልኳን ቻርጀር አምጥታ፣ በበረኛዋ በር ሳይሆን በሌላ መግቢያ በኩል ለቦርዷ ኃይል ሰጠችና ጣቷን ቶሎ አንጎሉ ላይ አሳረፈች። እኔ ጣቷን አያለሁ። ቢያቃጥላት ታነሣዋለች፤ ካነሣችው አለቀልኝ።

ጣቷን አላነሣችም። "ቀዝቃዛ ነው" አለች። ወዲያው አንዲት ነጥብ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ አለች። ማልቀስ አላማረኝም ብል ውሸት ነው።

መስኮቷንና ሴንሰሯን አገናኘች። ቁጥር መጣ፤ ሰማንያ አምስት።

"ተቀቀሉ!" ብዬ ጮህኩ።

እዚህ ላይ ነው የሳቀች፣ ልቅሶ ቤት የዋለች ሴት። "አያ ልየው፣ እንቁላሉ ቢቸና ነው፣ ሴንሰሩ እዚህ ነው። ይኸ ቁጥር ሙቀት አይደለም። ሴንሰሩ ገና ሳይለካ የሚናገረው ቁጥር ነው። ሽቦው ጉዞው ላይ ላልቶ ነው።"

"ሳይለካ ይናገራል?"

"እስኪለካ ድረስ ይኸንኑ ነው የሚለው። ካልለካ ደግሞ እንደዚያው ይቀራል።"

ስንቱን ሰው አሰብኩ። ሽቦውን ልጣ፣ አጥብቃ አሰረችውና ሴንሰሩን እጄ ላይ አኖረች። "ብብትዎ ሥር ያድርጉት።" አደረግኩት። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣና ሠላሳ ስድስት ላይ ቆመ። "በሕይወት አሉ" አለችኝ።

ከአሮጌ የተበላሸ ቦርድ ላይ ሌላ በረኛ አቅልጣ አውጥታ በተቃጠለችው ቦታ አጣበቀች። "ሌላ የለኝም" አለች። "ይህቺ ከተቃጠለች ምናልባት አንጎሉንም ይዛው ትሄዳለች።"

ያን ጊዜ ነው የልቤን የነገርኳት። "አያልነሽ፣ አንድ ነገር ጻፊልኝ። ልየው አላቃጠላትም ብለሽ ጻፊልኝ። ማኅተምሽን አድርጊበት። ላነበው እችላለሁ።"

"አልጽፍም።"

"ለምን?"

"አላውቅማ። ቦርዱ ኃይሉ በየት በኩል እንደመጣበት ይናገራል፤ በማን እጅ እንደመጣ አይናገርም። እኔ ያላየሁትን ልጻፍ?"

"እንደ እነሱ ነሽ ማለት ነው።"

"እንደ እነሱ ብሆን እርስዎ ነዎት ብዬ እጽፍ ነበር" አለችና ቦርዷን ጠቅልላ ሰጠችኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ። "ያደረገው ሰው ደግሞ የደበቀ አይምሰልዎ። ጥፋት መሆኑን የማያውቅ ሰው ምኑን ይደብቃል? ዓይንዎን ከባትሪው ሽቦ ላይ አያንሡ። ይደግመዋል።"

ተናድጄ ሄድኩ። አመሰግናለሁ ማለቴን ራሱ አላስታውስም።

ሚኒባስ ጠፋ። ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ላይ ለመንኩና ጋቢና ውስጥ ተጨናንቄ ተመለስኩ። ሹፌሩ ያወራኛል፤ አልሰማውም። ቦርዷን ታቅፌ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ እንቁላሉ ቢተርፍ እንኳ "ልየው አቃጠለ፣ ሞጣ ሄዶ አሠራ" ተብዬ ልኖር ነው። ይቅር ተባለ ማለት ደግሞ አጠፋ ማለት ነው። ያላጠፋሁትን ይቅር እንዲሉኝ አልፈልግም ነበር።

ቢቸና ስገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ማስፈልፈያ ቤቱ ዶሮ ቤት ሆኗል። ወለሉ ላይ በየቅርጫቱ ዶሮ ተቀምጣለች፤ ዶሮ ያልደረሰውን እንቁላል ጥሩዬ በገለባና በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሞቀ ውኃ ከብባዋለች። ስታየኝ "ወይ?" አለችኝ።

"ትሠራለች" አልኳት።

ሰዉ ተሰበሰበ። አንማው ቆሟል። ቦርዷን በቦታዋ አሠርኩ፣ ሴንሰሩን አስገባሁ፣ ኃይል ሰጠሁ። መስኮቷ በራች። ቄስ ይርዳው "ተመስገን" አሉ። እንቁላሉን መመለስ ጀመርን። ገና ሳንጨርስ፣ እንደ ተላከ፣ መብራት ሄደ።

ጀሪካን ገባ። ቦርዷ በባትሪው ሆነች። ባትሪው ጠዋት ከፈታሁት ወዲህ ምንም አልጠጣም፤ መስኮቷ ፈዘዘች። ቁጥሩን ለማንበብ ጥሩዬ ዓይኗን አጠበበች።

"ደክሟል" አለ አንማው። "ቆዩ፣ መጣሁ።"

ሮጦ ወጣ። ሲመለስ በእጁ የያዘውን አየሁ። የሬዲዮን ባትሪዎች፣ አንዱ በአንዱ ጭራ ተደርድረው፣ በካርቶን ተጠቅልለው በላስቲክ ታስረዋል፤ ከሁለቱም ጫፍ ሽቦ ወጥቷል። ያገራችን ሰው ይኸን ያውቀዋል። ሬዲዮን ሲደክም አዲስ ባትሪ አይገዛም፤ በደከመው ላይ ሌላ ይቀጠልበታል፤ ድምፁ ይመለሳል። አባቶቻችን ሲያደርጉት አይተናል። እኔም አድርጌዋለሁ።

አንማው ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ባትሪ ሽቦ ፈታ፤ የራሱን መሐል ሊያስገባ ነው።

እውነቱን እነግራችኋለሁ። ልተወው አሰብኩ። ይቀጥል። ሰው ሁሉ እያየ፣ እሱ እጅ ላይ ጧ ትበል። ከጠዋት ጀምሮ የፈለግኩት ምስክር ይኸው መጣ። ሌላ በረኛ የለም፤ እንቁላሉም ይለቅ። ስሜ ግን ይነጻል።

ጥሩዬ ከቅርጫት እንቁላል አንሥታ በሁለት መዳፏ ይዛ ወደ ሣጥኑ ስትመጣ አየሁ። የአንማውን አንጓ ያዝኩ። ጫኝ ነበርኩ አልኳችሁ፤ እኔ የያዝኩት እጅ አይንቀሳቀስም።

"ልቀቀኝ!"

"አትቀጥልም።"

"ምን ሆነሃል አያ ልየው? እንዲህ ነው እኮ የሚደረገው! ትናንት ማታም ሲደክም እኔ ነኝ ቀጥዬ ያበራሁት! ጠዋት ነው ለሬዲዮኔ ነቅዬ የወሰድኩ!"

"መቼ ነቀልክ?"

"ስትጠራኝ መጥቼ! ሰው ሲሰበሰብ! ከሣጥኑ ኋላ ነበር፤ ባትሪዬ አይደል እንዴ?"

ቄስ ይርዳው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

"አንተ ልጅ፣ ትናንት ማታ ቀጥለህበት ነበር?"

"አዎ! ደክሞ ነበር አልኩ እኮ!"

"ይኸን ጠዋት አልተናገርክም።"

"ማን ጠየቀኝ?" አለ አንማው።

ያን ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቶ ይመስለኛል ፊቱ የተለወጠ። እውነት ነው፤ ማንም አልጠየቀውም። እኔን ብቻ ነው የጠየቁት። አያልነሽ ያለችኝን፣ ስለ በረኛዋና ስለ ትርፉ ኃይል፣ እጁን ሳልለቅ ለሁሉም ነገርኳቸው። ስጨርስ ለቀቅኩት። ባትሪዎቹን እያየ "እኔ ምን አውቄ" አለና ወጣ።

እንቁላሉ ተፈለፈለ። ሁሉም አይደለም፤ የቀዘቀዘው ቀዘቀዘ። ግን ሣጥኑ ሲከፈት ጫጩት በጫጩት ላይ ነበር። ከማኅበሩ አልወጣሁም፤ ማንም ያን ነገር አላነሣም። ሰዎቹ እንደ ድሮው ሆኑ። ያን ነው የጠላሁት፤ እንደ ድሮው መሆናቸውን።

ይኸን የምታነቡ ሰዎች ምናልባት "አንማው ሳያውቅ ነው ያደረገው፣ ምን አለበት" ትሉ ይሆናል። ቦርዷን ሳያውቅ ነው ያቃጠለ፤ እሺ። እኔን ግን ዓይኑን ከፍቶ ነው ያቃጠለኝ። ሳይለካ ተናገረ። ጥፋተኛው ፊደል ዘግይቶ የቆጠረው መሆን ስላለበት፣ የራሱን እጅ ለማሰብ አንዲት ደቂቃ አላጠፋም። እንደ እኔ የተፈረደበት ሰው ካላችሁ ታውቁኛላችሁ። የፈረዳችሁም ካላችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

እኔ ላይ የተለወጠው ይኸ ነው። የሞጣን መንገድ ለመድኩት። እየሄድኩ ከአያልነሽ ማጣበቅና መለካት ተማርኩ፤ የፈረንጁንም ፊደል ቆጠርኩ፤ አሁንም ላብ ያጠምቀኛል። የማኅበራችንን ሣጥን የምጠግነው እኔ ነኝ። የተበላሸ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ "እኔ አልነካሁም" እያለ ነው የሚገባ። ማን ነካ አልለውም። ይኸን ደግነት ብላችሁ እንዳትወስዱት፤ ሌላው አይሠራም፣ ለዚያ ነው።

አንማው ሽማግሌ ላከብኝ። ቤቴ መጥተው "ነገሩ በጓዳ ይለቅ" አሉኝ። እምቢ አልኩ። ዳግመኛ መጡ። እምቢ አልኩ። በሰው ፊት ያዋረደኝ በዚያው ሰው ፊት ይናገር፣ ጥሩዬም ቆማ ትስማ አልኩ። ቄስ ይርዳው "ልብህ ድንጋይ ነው" አሉኝ፤ "ይሁን አባቴ" አልኳቸው።

በመጨረሻ መጣ። ማስፈልፈያ ቤቱ ደጃፍ፣ ያ ቀን የነበሩት ሁሉ ባሉበት፣ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "አያ ልየው፣ ቦርዱን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ስምህን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ፣ ስለ እግዚአብሔር ማረኝ" አለ። ሽማግሌዎቹ ቶሎ አውርድለት ብለው በዓይናቸው ለመኑኝ። ቶሎ አላወረድኩም። ክብደቱን አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት ተሸክሜያለሁ። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሄጄ ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሣሁለት፣ ትከሻውንም ሳምኩት። ይኸ የሆነው በማርያም ዕለት፣ ግንቦት 21 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው።